ይኼማ የእኛ አዋዜ ነው

ባለፈው ረቡዕ፣ ሎስ አንጀለስ ከሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ አናቴን እየቀቀለው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ተሰልፌ የገዛሁትን ምግብ ገና አንድ ጊዜ እንኳን ሳልጎርስ ጓደኛዬ ፍርድ ሰጠበት። ጣቱን ከእኔው ሳህን ነከረ፤ ላሰ፤ እንደ ቡና ቀማሽ ዐይኑን ጨፍኖ ጥቂት ቆየና፣

«ይኼማ የእኛ አዋዜ ነው» አለ።

ጎቹጃንግ ነበር። ኮሪያውያን በርበሬን ከሩዝና ከተብላላ አኩሪ አተር ጋር አዋሕደው፣ በእንስራ ከድነው ለወራት የሚያቆዩት ወፍራም ድልህ ነው። ይጣፍጣል፤ ስኳር ስኳር የሚል ጣፋጭነት ማለቴ ነው። አዋዜ እንዲህ አይልም። ይህን ላስረዳው አፌን ስከፍት እሱ ወደ ቡልጎጊው፣ ወደ ኮሪያውያኑ የተዘፈዘፈ የበሬ ሥጋ፣ አልፏል። ረቡዕ ስለሆነና ጓደኛዬ ጾመኛ ስለሆነ ሥጋውን በዐይኑ ብቻ ቀመሰው። «ይኼ ደግሞ ጥብስ ነው። ስኳር አበዙበት እንጂ ጥብስ ነው።» ከዚያ ኪምቺውን፣ በቅመም የተብላላውን አትክልት፣ አየ። «ጎመን። ትንሽ ቆይቶበታል።» በመጨረሻ የሜክሲኮዎቹን ቶርቲያ በሁለት ጣቱ ብድግ አድርጎ፣ ሐሰተኛ ብር እንደሚመረምር የባንክ ሠራተኛ ወደ ፀሐይ አቅንቶ ተመለከተውና «ቂጣ!» ብሎ መለሰልኝ።

በአራት ፍርድ ኮሪያንና ሜክሲኮን ጠቅልሎ ያዘ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም።

ይህ አመል የእሱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። እኛ ሐበሾች ከባዕድ ገበታ ፊት ስንቀመጥ እንደ እንግዳ መቅመስ አንችልም፤ እንደ ወራሽ ነው የምንቀምሰው። የሕንዶቹ ዶሳ እንጀራ ነው፤ ስስ ስለሆነ ልጅ የጋገረው እንጀራ ነው። የጣሊያኖቹ ሪኮታ አይብ ነው፤ ጤና አዳም የጎደለው አይብ። ሱሺ እስካሁን ተርፎ ነበር፤ እሱንም ባለፈው ዓመት አንድ የሠርግ ቤት ውስጥ «ጥሬ እኮ እኛም እንበላለን» ብሎ የጠቀለለ ሰው አጋጥሞኛል። ከሌላው የወሰድነውን ግን ማንም አያነሣብንም። ፓስታን ከጣሊያን ተቀብለን፣ በቁሌት አንቦጫርቀን፣ በእንጀራ ጠቅልለን እንጎርሰዋለን፤ ከዚያ ሮም የሄደ ዘመዳችን ደውሎ «እዚህ ፓስታ አይችሉበትም» ይለናል።

ወደ ረቡዑ ልመለስ። የጋበዘችን የእህቴ ልጅ ናት፤ እዚያ ግቢ የምትማረው እሷ ነች። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ምግብ ነው የምትበሉት፤ አንድ ቀን ፉድ ትራክ ልውሰዳችሁ» አለችን። ጎኑ ተከፍቶ መስኮት የተበጀለት፣ ሆዱ ውስጥ ምድጃና መጥበሻ የተጫነበት መኪና ነው። በምሳ ሰዓት ሦስት አራቱ ተራ ይዘው ይቆማሉ፤ ተማሪው ስልኩን እያየ ይሰለፋል። የእኛዋ መኪና ቡልጎጊ በቶርቲያ የተጠቀለለበት ታኮ፣ ኪምቺና አይብ በቶርቲያ ታጥፎ የሚጠበስበት ኬሳዲያ፣ ቡልጎጊ የተበተነበት የድንች ጥብስም ትሸጣለች። ለጾመኛ ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ ቶፉ በኪምቺ አላት። መኪናችንን ለማቆም የከፈልነው ከአንድ ሰው ምሳ ይበልጣል፤ እሱን እዚህ ላይ ላንሣው አልፈልግም፤ ምግቡን መራራ ያደርገዋል።

መስኮቱ ጋ ስንደርስ የሚቀበለን ሃያ ዓመት የማይሞላው፣ ኮሪያዊ መልክ ያለው ልጅ ነው። ጓደኛዬ ትእዛዙን ከመናገሩ በፊት «ከየት ነህ?» አለው። «ከፉለርተን» አለ ልጁ። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ናት። «አይደለም፤ ከየት ነህ?» አለው ጓደኛዬ። ይህን ጥያቄ ነጮች ሲጠይቁት ሦስት ቀን የሚያኮርፍ ሰው ነው። ልጁ አያቶቹ ከኮሪያ እንደመጡ ተናገረ። ያን ጊዜ ጓደኛዬ መስኮቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «የእኛ ሰዎች ለእናንተ ሞተዋል» አለው።

ልጁ «ይቅርታ» አለ። ሌላ ምን ይበል?

ከኋላችን ሃያ ተማሪ ተሰልፏል። ጓደኛዬ በኮሪያ ጦርነት ስለተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ ስለ ቃኘው ሻለቃ፣ ማስረዳት ጀመረ፤ ኮሪያ ያኔ ከእኛ በታች እንደነበረች፣ እኛ ባንደርስላት ምን ትሆን እንደነበር። ልጁ እየሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ሳህኑንም ሲሰጠው ሁለት ቁራጭ ቶፉ ጨመረለት። ጓደኛዬ ዞሮ በዐይኑ ጠቀሰኝ። የቃኘው ሻለቃ ደም በሁለት ቁራጭ ቶፉ ተተመነ።

እዚህ ላይ መቀለድ አልቻልኩም፤ አሁንም አልችልም። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ፣ የራስ መኮንንን የፈረስ ስም ተሸክሞ፣ ባሕር አቋርጦ ፑሳን ወደብ ወረደ። በረዶ አይተው የማያውቁ ልጆች ተራራ ላይ በረዶ ውስጥ ተዋጉ። ከ120 በላይ ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ የለም። ከተመለሱ በኋላ ዘመን ተገለበጠ፤ በደርግ ጊዜ «ኮሚኒስት ወግቻለሁ» ብሎ ማውራት የሚያስመሰግን አልነበረም። ስንቱ በኮሪያ ሠፈር በድህነት አረጀ። ጓደኛዬ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ኖሮ ከእነዚያ አባቶች ለአንዱ ሻይ ጋብዞ አያውቅም፤ አፍንጮ በር ያለውን መታሰቢያም ገብቶ አላየም። እኔም አላየሁም። እኔ ግን ቶፉ አልተቀበልኩበትም።

ኮሪያውያኑ እንኳን ቹንቾን በምትባል ከተማቸው ለእነዚያ ወታደሮች ሐውልት አቁመው፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት መርቀውታል። እዚያው አጠገብ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚል ቡና ቤት አላቸው። የእኛን ቡና ያፈላሉ፤ በእኛም ስም ይጠሩታል። ገብቶ አንድ ሲኒ የጠጣ ኮሪያዊ «ይኼማ የእኛ የገብስ ሻይ ነው» ሲል አልሰማሁም። ሊል ይችል ነበር፤ የገብስ ሻይ አላቸው።

ከተረቶቻችን ሁሉ የምወደው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ነው። ሕፃን ሆኜ ማታ ማታ ደጅ ቆሜ ላሟን እፈልጋት ነበር። አንድ ጊዜ አያቴን «ማን ያልባታል?» ብዬ ብጠይቃት «ዝም ብለህ እራትህን ብላ» አለችኝ፤ እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ የሰጠኝ ሊቅ የለም። ሰው ተረቱን ሲተርት ወተቱ ላይ ያተኩራል። እኔን የሚገርመኝ «አለኝ» የምትለዋ ቃል ናት። ሰውዬው «ላም ትኖር ይሆናል» አላለም። ባለቤትነቱ ያለቀ ጉዳይ ነው፤ የጎደለው ወተት ብቻ ነው። ደግሞስ እንደ ሰማይ ላም ያለ ንብረት የት ይገኛል? ሣር አትጠይቅ፤ እረኛ አትፈልግ፤ በረት አታቆሽሽ፤ የጎረቤት ማሳ ገብታ አታጣላ። ኩራቱ ግን ሙሉ ነው። የኮሪያውያኑ ላም መሬት ላይ ናት፤ ስለዚህም ስስ ስስ ተደርጋ ተቆርጣ፣ በአኩሪ አተር መረቅ፣ በስኳርና በነጭ ሽንኩርት ተዘፍዝፋ፣ በታኮ ውስጥ ተኝታ ትሸጣለች።

የእኛም ላም አንድ ጊዜ ለመውረድ ተቃርባ ነበር። እንግዲህ ወደ ቂሜ መጣሁ።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኦሊምፒክ የሚባለውን ጎዳና ይዞ ከከተማዋ የኮሪያውያን ሠፈር ወደ ምዕራብ የነዳ ሰው ፌርፋክስ ጎዳና ሲደርስ ትንሿን ኢትዮጵያ ያገኛታል። ከተማው ይህን ስም በይፋ የሰጣት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። መሪ ማዞር እንኳን አያስፈልግም፤ ያው አንድ መንገድ ነው። በዚሁ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ፣ ባንኮች ሲንኮታኮቱና ሰው ሳንቲም መቁጠር ሲጀምር፣ ሴኡል ተወልዶ ሎስ አንጀለስ ያደገው ሮይ ቾይ የተባለ ምግብ አብሳይ ከሸሪኮቹ ጋር ኮጊ የተባለውን መኪና አወጣ። የኮሪያን ጥብስ በሜክሲኮ ቂጣ ጠቅልለው (ቂጣ አልኩ እንዴ? ቶርቲያ) አንዱን በሁለት ዶላር ገደማ ይሸጡ ነበር። የት እንደሚቆሙ በትዊተር ይናገሩ ነበር፤ ሕዝቡም በሌሊት ተሯሩጦ ይሰለፍ ነበር። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚቆመው የኪምቺ መኪና ሁሉ የዚያች ልጅ ነው።

እኛ ትንሿ ኢትዮጵያ ሆነን ይህን አየን፤ አየንና የራሳችንን የምግብ መኪና ለማውጣት ኮሚቴ አቋቋምን።

እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ዘጠኝ ነበርን። እያንዳንዳችን አምስት መቶ ዶላር አዋጣን። ሊቀመንበር ጓደኛዬ ሆነ፤ ያው የረቡዑ። ዐሥራ አራት እሑድ ተሰበሰብን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ማን ይይዛል የሚለው ተወሰነ። ከዚያ መተዳደሪያ ደንብ ረቀቀ፤ ሃያ ሰባት አንቀጽ ነበረው። አንቀጽ ዐሥራ ዘጠኝ ሊቀመንበሩ በሞት ቢለይ ምን እንደሚደረግ ይደነግጋል። ምን እንደምንሸጥ የሚናገር አንቀጽ ግን አልነበረውም። ከዚያ ማኅተም ተቀረጸ። አሜሪካ ማኅተም አይጠይቅም፤ ሊቀመንበሩ ግን ማኅተም የሌለው ድርጅት ጥምቀት የሌለው ልጅ ነው አለ። በስሙ ላይ «ሉሲ» እና «ንግሥተ ሳባ» ባዮች ለሁለት ተከፈሉ፤ በመካከሉ አንድ ሰውዬ «አክሱም» ብሎ ሦስተኛ ወገን ሆነ።

ከሁሉ ከሁሉ ያ የዓሣ እሑድ ይቆጨኛል። ለረቡዕና ለዓርብ ዓሣ እንሽጥ ወይስ አንሽጥ? ሦስት ሰዓት ተኩል። አንዱ መጽሐፍ ጠቀሰ፤ ሌላው እናቱን ጠቀሰ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ዓሣ በጾም ከአፉ ገብቶ እንደማያውቅ፣ እሱ በሕይወት እያለም በድርጅቱ መኪና ላይ እንደማይጠበስ አስታውቆ ስብሰባውን ዘጋ። (ኪምቺ ሲብላላ ብዙውን ጊዜ የዓሣ መረቅ ወይም በጨው የቆየ ሽሪምፕ ይገባበታል። ባለፈው ረቡዕ ጓደኛዬ ያንን ሳህን ኪምቺ እያጣጣመ ሲጨርሰው አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ልነግረው እችል ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። አልነገርኩትም።)

የምግቡ ጉዳይ የተነሣው በዐሥራ አንደኛው እሑድ ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ሰው ቆሞ እንጀራ እንዴት ይበላል? እንጀራ መሶብ ይፈልጋል፤ እጅ መታጠቢያ ይፈልጋል፤ አጎራሽ ይፈልጋል። ከመካከላችን ትልቁ ሰውዬ «ቆሞ የሚበላ ፈረስ ነው» አሉ። ያን ጊዜ በዕድሜ ትንሿ አባላችን፣ ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራ የነበረች ልጅ፣ ከቦርሳዋ አንድ ጥቅል አወጣች። ቤቷ ሠርታ ይዛው የመጣችው ነው። ጥብስ በእንጀራ ጠቅልላ፣ ዳር ዳሩን አጥፋ፣ እንዳይንጠባጠብ በወረቀት አስራዋለች። ከላይ ጥሬ ጎመን በሎሚና በአዋዜ አሽታ ጨምራበታለች። በአንድ እጅ ይያዛል። ቀምሼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ጥርሴ ያስታውሰዋል።

ሊቀመንበሩ አልቀመሰም። «ባህላችንን እንደ ጋዜጣ ልትጠቀልይው ነው?» አላት። ሳቅ ሆነ። ልጅቷ ጥቅሉን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣችም።

የቀረውን ልጨርሰው። አራት ሺህ አምስት መቶ ዶላሩ ለማኅተም፣ ለስም ማስመዝገቢያና ለአንድ ጨርቅ ላይ ለታተመ ማስታወቂያ ትንሽ ትንሽ ወጣ። ትልቁ ወጪ «የስብሰባ መስተንግዶ» በሚል የተያዘው ነው። ዐሥራ አራት እሑድ፣ ዘጠኝ ሰው፣ ክትፎ። ካፒታሉን በላነው። መኪና ሳይገዛ ምግብ የተበላበት ብቸኛው ፉድ ትራክ የእኛ ሳይሆን አይቀርም።

እና ይህ ሰው ነው ባለፈው ረቡዕ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ የሌላ ሰው ጥቅልል በእጁ ይዞ፣ ለእህቴ ልጅ «ይኼን ሐሳብ እኮ እኛ ቀድመን አስበነው ነበር» ያላት። አስበነው! ሐሳቡ ከቦርሳ ወጥቶ፣ ትኩስ ሆኖ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። ደሜ ፈላ። ልናገር ተነሣሁ፤ ነገር ግን የእህቴ ልጅ ቀደመችኝ።

የእህቴ ልጅ ስፓኒሽ ትችላለች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሥጋውን ሲገለብጥ የነበረው ሰውዬ ሜክሲኳዊ ነው፤ ዕረፍት ወጥቶ አጠገባችን ጥላው ሥር ተቀምጦ ነበር። የእኛ ክርክር በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ግራ ገብቶት ጠየቃት። እሷም ተረጎመችለት፤ ይህ አዋዜ ነው መባሉን፣ ያኛው ጥብስ መባሉን፣ ቶርቲያው ቂጣ መባሉን። ሰውዬው ሳቀና አንድ ነገር አላት።

«ሁላችሁም ቃሪያችንን መልሱ ይላል» አለችን።

እውነቱን ነው፤ እዚያ ላይ ሁላችንም ተያዝን። በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ልጅ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ሰው ሲያበቅለው ሺህ ዓመታት አልፈዋል፤ ለእኛም ሆነ ለኮሪያውያን የደረሰው ከኮሎምቦስ ጉዞ በኋላ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በበርበሬ የቀላ ወጥ ሳይቀምሱ ዐርፈዋል። በእሳቸው ዘመን ኮሪያን ይገዛ የነበረው፣ የሕዝቡን ፊደል ያወጣው ንጉሥ ሴጆንግም ቀይ ኪምቺ አላየም። ሁለት ታላላቅ ነገሥታት፣ ሁለቱም ያለ ድልህ። ሜክሲኳዊው ራሱ እንኳን ለመኩራት ብዙ አይመቸውም፤ ታኮ አል ፓስቶር የሚሉት ዝነኛ ምግባቸው ከሊባኖስ የተሰደዱ ሰዎች ያመጡት የሻዋርማ የልጅ ልጅ ነው። ይህን ለጓደኛዬ በቁጣም በደስታም አስረዳሁት። ዘርዓ ያዕቆብን ስጠራ ትንሽ ተከዘ።

«ድርቆሽ ነበራቸው ግን» አለ በመጨረሻ።

የእህቴ ልጅ ሰዓቷን አየች፤ ክፍል ደርሶባታል። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ እስካሁን አልቀመሱትም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ተሰልፌ፣ አንድ ሰዓት ተከራክሬ፣ ታኮው በእጄ ላይ በርዷል። ቶርቲያው ጠንክሯል፤ የቡልጎጊው መረቅ በወረቀቱ ሾልኮ ሱሪዬ ላይ ካርታ ሥሏል። ጎረስኩ። ቀዝቅዞም ቢሆን ይጥማል። ሥጋው ይጣፍጣል፤ ኪምቺው ኮምጠጥ ብሎ ጣፋጩን ይቀጣዋል፤ ድልሁ ዘግይቶ ከጉሮሮ ላይ ይደርሳል። አላመጥኩ። ሁለቱም ያዩኛል። አንድ ነገር እንደጎደለው ተሰማኝ፤ አፌን ለመዝጋት ሞክሬ ነበር።

«ትንሽ ኮረሪማ ቢነካው» አልኩ።

ጓደኛዬ ቀና አለ። ሳህኑን አስቀመጠ፤ አፉን ጠረገ፤ ጣቶቹን እያጠፈ ሰው መቁጠር ጀመረ። «ያ የቡርባንኩ አለ፤ ወንድምህ አለ፤ እኔና አንተ። አምስት መቶ አምስት መቶ ብናዋጣ...» አለና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

«ደንቡ እንደሆነ አለ፤ ማኅተሙም ቤት ነው።»